ውሃ ያልጠየቅኩበት ቅዳሜ

የብስክሌት ዕቃ ሻጩ ሁለት ቦርሳ ባንኮኒው ላይ ዘረጋና «ባለ ስንት ሊትር ይሁንልዎት?» አለኝ። አንዱ ባለ ሦስት ሊትር ነው፣ ሌላው ባለ አንድ ተኩል። በጀርባ የሚታዘሉ የውሃ ቦርሳዎች ናቸው። ውስጣቸው የፕላስቲክ ከረጢት አለ፤ ከከረጢቱ ቀጭን ቱቦ ይወጣና በትከሻ ላይ ዞሮ አፍ አጠገብ ይደርሳል። ዳገት የሚወጣ ሰው እጁን ከመሪው ሳያነሳ የቱቦውን ጫፍ ነከስ አድርጎ ይጠጣል። አሮጌው ቦርሳዬ ከረጢቱ ተበስቶ ጀርባዬን ማራስ ስለጀመረ፣ ለሥራ አዲስ አበባ በመጣሁበት አጋጣሚ ምትኩን ልገዛ ነው የገባሁት።

ቀላል ጥያቄ ነበር፤ ለሌላ ሰው። እኔ ግን ይህንኑ ጥያቄ ከዓመታት በፊት በስልክ ተጠይቄ፣ ሳላመነታ የመለስኩት መልስ አለ። ከዚያ ወዲህ የሊትር ነገር በተነሳ ቁጥር ያ መልስ ይመጣብኛል። ሻጩ የማላውቅ መሰልኩት መሰለኝ፣ ስለ ደረት ማሰሪያው፣ ስለ ስፌቱ፣ ጀርባ እንዳያልብ ስለተሠራው ወንፊት ያስረዳኝ ጀመር። አላቋረጥኩትም። እኔ በሐሳቤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ሮብ ገበያ የሚወጣው ኮረኮንች ላይ ነበርኩ።

ያኔ ደብረ ማርቆስ ጂኦግራፊ አስተምር ነበር። ከሚሌኒየሙ በኋላ ባሉት ጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው፤ ሞባይል በየኪሱ ገብቶ፣ ኔትወርኩ ግን ገና ከተራራው ጋር ያልታረቀበት ጊዜ። ትውልዴ አምበር ነው፣ የገበሬ ልጅ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ ሀብቴ የምለው ነገር አንድ ማውንቴን ብስክሌት ብቻ ነው። ሥራ ቀይሮ ከሄደ ባልደረባዬ ነው የገዛሁት። ሃያ አንድ ማርሽ አለው ተብሎ ተሸጠልኝ፤ የሚታዘዙኝ ስድስቱ ናቸው። ከሰኞ እስከ ዓርብ ስለ ተራራ አስተምራለሁ፣ ቅዳሜ ተራራውን እወጣለሁ። በማለዳ ተነስቼ ወደ ጮቄ አቅጣጫ ዳገቱን እይዛለሁ፤ ሮብ ገበያ ስደርስ አንድ ሻይ ጠጥቼ ዞሬ እመለሳለሁ። የምሸጠው የለኝም፣ የምገዛው የለኝም፣ የምጠይቀው ዘመድም የለኝም። እወጣለሁ፣ እወርዳለሁ፣ በቃ።

ይኼ «በቃ» ነው ለመንገዱ ሰው ያልተዋጠለት።

«ምን ይዘህ ትወጣለህ?»

«ምንም።»

«ምን ልታመጣ?»

«ምንም።»

«ዛሬ እኮ ቅዳሜ ነው። የሮብ ገበያ ገበያው ሮብ ነው።»

«አውቃለሁ።»

እዚህ ላይ ጠያቂው ዱላውን ትከሻው ላይ አስተካክሎ፣ ከላይ እስከታች ያየኝና በሐዘኔታ ያሰናብተኛል። እውነቱን ነው። ጤነኛ ሰው፣ ያውም ደመወዝተኛ፣ በዚያ ቁር ዳገት ለዳገት ብረት ሲገፋ የሚውል ከሆነ ምክንያት ሊኖረው ይገባል። እኔ ደግሞ ምክንያት ብዬ የማቀርበው ነገር አልነበረኝም፤ ከላይ ሲደርሱ የሚነፍሰውን ንፋስ እወደዋለሁ ብል ማን ይሰማኛል?

ከከተማው ሁለት ሰዓት ያህል እንደወጣሁ፣ መንገዱ ወደ ግራ የሚታጠፍበት ቦታ ላይ በባሕር ዛፍ የተከበበ ግቢ አለ። መጀመሪያ ደጁ የቆምኩት እንደማንኛውም መንገደኛ ጠምቶኝ ነው። በዚያ ከፍታ ጥም ሰው ይሸውዳል። ብርዱ ላቡን ስለሚደብቀው ሰው መጠማቱን የሚያውቀው ከንፈሩ ሲሰነጠቅ ነው። የያዝኳት የፕላስቲክ ጠርሙስ ባዶዋን መሪው ላይ ተንጠልጥላለች። «ቤቶች! ኧረ ቤቶች! ውሃ ባገኝ!» አልኩ።

የወጡት እናት ናቸው። ባላቸው ከሞቱ ጀምሮ ከአንዲት ልጃቸው ጋር የሚኖሩ፣ ፈርጠም ያሉ፣ ድምፃቸው ማዶ የሚሰማ ሴት። «ለመንገደኛ ባዶ ውሃ ምን ይባላል?» ብለው ጠላ ሊያስቀዱልኝ ሆነ። ጠላ ጠጥቼ ቁልቁለቱን ብወርድ ብስክሌቱ እኔን ይዞ ገደል እንደሚገባ ነገርኳቸው። ሳቁና «በይ እንግዲያው ውሃውን አምጪለት» አሏት ልጃቸውን።

ልጅቷ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። አሥረኛ ክፍልን ሮብ ገበያ ጨርሳ፣ ውጤቷ ስላላሳለፋት ወደ እናቷ ቤት የተመለሰች። ውሃውን በጣሳ ይዛ መጣች። ከማቀበሏ በፊት ጣሳውን ዘንበል አድርጋ ግራ መዳፏ ላይ ጠብ አደረገችና ቀመሰችው። ያገር ወግ ነው፤ የሚሰጥ ሰው ቀምሶ ነው የሚሰጥ፣ ክፉ ነገር የለበትም፣ እመነኝ ለማለት። አምበር እናቴ ስታደርገው ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ያን ዕለት ግን የመጀመሪያዬ መሰለኝ። መዳፏ የተላላጠ ነው። ውሃዋ መዳፏ ላይ ለአፍታ ቆመች፣ ከዚያ ከንፈሯን ነካች። ጣሳውን ተቀብዬ ስጠጣ ውሃው ይቀዝቅዝ ይሙቅ አላውቅም።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ከከተማ ስወጣ ጠርሙሴን እስከ ግማሽ ብቻ እሞላት ጀመር። ግማሹ የሚያልቀው ከመታጠፊያው ትንሽ ቀደም ብሎ ነው። ጭጋግ ወርዶ ካልጠማኝ ደግሞ የተረፈውን ከባሕር ዛፉ ሥር እደፋዋለሁ። ምን ላድርግ? ውሃ ይዞ ውሃ የሚለምን ሌባ ነው፤ እኔ ደግሞ ሌባ መሆን አልፈለግኩም።

መጀመሪያ ላይ «እርስዎ» ነበር የምትለኝ፤ መምህር ነኝና። ኅዳር ሲጋመስ አንድ ቅዳሜ ጎማ ፈንድቶብኝ አረፈድኩ። ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። «ዛሬ ዘገየህ» አለችና ወዲያው ከንፈሯን ነከሰች። አላረመችውም፣ እኔም አላረምኳትም። ያን ቀን እስከ ሮብ ገበያ ያለውን ዳገት እንዴት እንደጨረስኩት አላስታውስም፤ «ዘገየህ» የምትለዋን ቃል ስቆጥር ነው የደረስኩት።

እናትየው ግን የኔ ነገር ዕረፍት ነስቷቸዋል። በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ፣ ደጃፉ ላይ ካለው ድንጋይ አስቀምጠው የገብስ ቆሎ በሰፌድ አቀረቡልኝና ነገሩን ከሥሩ ጀመሩት።

«እስቲ ልጄ፣ እውነቱን ንገረኝ። ስለት አለብህ?»

«ኧረ የለብኝም እናቴ። ስፖርት ነው።»

«ስፖርትማ እዚያ ማዶ ተማሪዎቹ ኳስ ይጠልዛሉ፣ ስቀው ይገባሉ። ያንተ ሥቃይ ነው። ወይ ስለት አለብህ፣ ወይ የንስሐ አባትህ አዘውብሃል። ሰው ዝም ብሎ ይኼን ዳገት አይወጣም።»

ልጅቷ ጣሳውን ይዛ ከበሩ መቃን ተደግፋ ታዳምጣለች። ዓይኗ መሬት ነው፤ ጆሮዋ ግን እኔ ዘንድ። እኔም ሰይጣን አሳሳተኝና «አዎ፣ ስለት ነው» አልኩ።

«አላልኩም! ምን ብለህ ተሳልክ?»

«አይነገርም።»

«እሱስ ልክ ነህ፣ አይነገርም። መቼ ነው እሚያልቅ?»

ልጅቷን አየኋት። «ውሃ ያልጠየቅኳችሁ ዕለት ስለቴ አለቀ ማለት ነው» አልኩ።

ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ሳቀች። እናትየው አልሳቁም። አማተቡና «ያስፈጽምህ» ብለው መረቁኝ።

ለእናትየው የተናገርኩት ቀልድ ነበር። ለልጅቷ የተናገርኩት ግን የልቤን ነው፣ ደግሞም ገብቷታል። ስለቱ እሷ ናት፤ ውሃ እስከጠየቅኩ ድረስ እየጠየቅኩ ያለሁት እሷን ነው። ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር ለሴት ልጅ ተናግሬ አላውቅም። ካፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። የኔ ጥፋት ቃሉ ካፌ መውጣቱ ሳይሆን፣ ከወጣ በኋላ መርሳቴ ነው። እንዲህ ያለ ደስ የሚል ቀልድ ተቀልዶ፣ ተስቆበት፣ ቆሎ ተበልቶበት ያልፋል ብዬ ነው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም፤ እነሱ ቃሌን እንደ አደራ ቆልፈው አስቀምጠውት ነበር።

በጥር ነገሩ ተለወጠ። አንድ ቅዳሜ ደጃፉ ላይ ደርሼ ብጣራ መልስ የለም። ብስክሌቴን አጥሩ ላይ አስደግፌ ቆምኩ። ብዙም ሳይቆይ ከታች ከሸለቆው በኩል ጎንበስ ያለች ሴት ስትወጣ አየሁ። ጀርባዋ ላይ ቢጫ ጀሪካን አለ፣ ገመዱ ደረቷ ላይ ተጠላልፏል። በየጥቂት እርምጃው ትቆማለች፣ ጉልበቷን ትይዛለች፣ ትቀጥላለች። እሷ ናት። ሮጬ ልቀበላት ብል «ተው፣ ገመዱን አንዴ ካላላሁት መልሼ አልነሳም» ብላ ከለከለችኝ።

«ከየት ነው የምትቀጅው?»

«ቅርቡ ምንጭ በጋ ሲገባ ይደርቃል። አሁን ከታች ከወንዙ ነው የምንቀዳ።»

«ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

«ደርሶ መልስ ሁለት ሰዓት። ወረፋ ካለ ሦስት።» የሰዓቱን ነገር የተናገረችው እንደ ቀላል ነገር ነው። ትንፋሿ ሳይመለስ ጀሪካኑን አወረደች፣ ከፈተችው፣ ከዚያ ውሃ መጀመሪያ የተቀዳው የኔ ጣሳ ሆነ። መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና ዘረጋችልኝ።

እስከዚያች ቀን ድረስ ሁለት ጣሳ ነበር የምጠጣው። በሦስተኛው ፊቴን እታጠባለሁ፣ ጠርሙሴንም ሞልቼ እሄዳለሁ። ሰው ምን ያህል ዕውር ሊሆን ይችላል! የእጇን መላላጥ አይቼ አምሯል ብዬ ወደድኩት እንጂ ምን እንደላጠው አልጠየቅኩም። ያን ዕለት አንዷን ጣሳ በግድ ዋጥኳት። ቁልቁለቱን ስወርድ ራሴን በምችለው ስድብ ሁሉ ሰደብኩ። ከዚህች ልጅ ጀርባ ላይ ከእንግዲህ አንድ ጠብታ አልጠጣም ብዬ ማልኩ።

ይህ ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ከሥሩ ግን ኩራት ነበረበት፤ መደበቅ አልችልም። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌ ልልክ ወስኜ ነበር። ደጅ ቆሞ ውሃ ሲለምን የከረመ ሰው፣ ተመልሶ ልጃችሁን ስጡኝ ሲል እንዴት ይታያል? ምንም ሳይጎድለኝ፣ ሙሉ ሆኜ ልቅረብ አልኩ። ጎጃሜ ኩራት ነው፤ ከጥም ይልቅ ይገድላል።

የውሃ ቦርሳውን ያሰብኩት ያኔ ነው። አንድ ጊዜ በከተማችን ያለፉ ፈረንጅ ብስክሌተኞች ጀርባ ላይ አይቼው ነበር። አብሮኝ የተማረ የአምበር ልጅ አዲስ አበባ ይሠራ ስለነበር ፈልግልኝ አልኩት። ሳምንት ሳይቆይ ከሱቁ ሆኖ ደወለልኝ። ድምፁ ስለሚቆራረጥ ከመምህራን ክፍል ወጥቼ ባንዲራው ሥር ቆምኩ።

«ባለ አንድ ተኩል አለ፣ ባለ ሁለት አለ፣ ባለ ሦስት ሊትርም አለ። የቱን ልያዝ?»

«ባለ ሦስቱን።»

«አንተ፣ ግመል ልትሆን ነው እንዴ? ሻጩ ራሱ ለዳገት ትንሹ ይሻላል እያለ ነው። ሦስት ኪሎ እኮ ነው የምታዝለው።»

«ባለ ሦስቱን አልኩህ።»

«ምን አስጨነቀህ፣ ቢያልቅብህ ሰው ቤት ጎራ ብለህ ትሞላለህ።»

«ሰው ማስቸገር አልፈልግም።»

ከት ብሎ ሳቀ። «ጎጃም ውስጥ ውሃ ጠይቆ ያስቸገረ ማን አለ? ያስቸገረስ ያልጠየቀ ነው» አለና ዘጋው። ለሳቁ እንጂ ለቃሉ ቦታ አልሰጠሁትም።

ቦርሳው በአውቶቡስ መጣ፤ አረንጓዴ ነው። ከረጢቱ የላስቲክ ሽታ ስለነበረው በሎሚና በሞቀ ውሃ ሦስት ጊዜ አጠብኩት። በዋዜማው ሞልቼ አዝዬው በጠባቧ ክፍሌ ውስጥ ወዲህ ወዲያ አልኩ፤ ቦጭ ቦጭ ይላል። የዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ያለችው የመጨረሻ ቅዳሜ ነበረች። ዳገቱ ላይ አንድ ገበሬ ቱቦውን አፌ ውስጥ ሲያይ በሬዎቹን አቁሞ «እግዜር ይማርህ ወንድሜ! ጉሉኮሱን ሳይነቅሉልህ ሰደዱህ?» አለኝ። ለእሷ እነግራታለሁ ብዬ እየሳቅኩ ወጣሁ።

የብስክሌቴን ደወል ከመታጠፊያው ስለሰማች ጣሳውን ይዛ ደጃፉ ላይ ጠበቀችኝ። ገና ከብስክሌቱ ሳልወርድ መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ ቀመሰችና እጇን ዘረጋች። እኔ የጉሉኮሱን ወሬ ረስቼ፣ ለበዓል አዲስ ልብስ እንደተገዛለት ልጅ ዞሬ ጀርባዬን አሳየኋት።

«ዛሬ ውሃ አያስፈልገኝም» አልኩ። «የራሴን ይዣለሁ።» ቱቦውን ነክሼ ስቤ ጠጣሁ፣ እንድታይልኝ። «ከእንግዲህ አላስቸግራችሁም።»

የተዘረጋው እጇ ወዲያው አልታጠፈም። ጣሳውን አየችው፣ ከዚያ ቦርሳውን፣ ከዚያ እኔን። መዳፏ ላይ ያለው ውሃ ገና አልደረቀም። «ይሁን» አለች።

እናትየው ከኋላዋ ወጡና ነገሩን ሰሙ። አማተቡ። «ተመስገን! ለዚህ ያደረሰህ አምላክ ይመስገን» አሉ። አዲስ ዕቃ ለገዛ ሰው ይመረቃል፤ ቦርሳዬን የመረቁልኝ መሰለኝና «አሜን» አልኩ። ልቤ ሞልቶ ነበር። ለሷ ጀርባ አንድ ነገር ያደረግኩላት፣ የመጀመሪያ ስጦታዬን የሰጠኋት ያህል ተሰማኝ። ስነሳ «ደህና ይግቡ» አለችኝ። ወደ «እርስዎ» መመለሷን ሰምቻለሁ፤ እናቷ ስላሉ ነው ብዬ አለፍኩት።

በጾሙ ቅዳሜዎች ሁሉ በዚያ አለፍኩ። እናትየው ወጥተው በአክብሮት ሰላም ይሉኛል፤ እሳቸውም «አንቱ» ማለት ጀምረዋል። ውሃ አያመጡም። ልጅቷ አትታይም። እኔ ሞኙ ይኼን ሁሉ በበጎ ተረጎምኩት። ሽማግሌ ሊመጣ መሆኑን ጠርጥረዋል፤ ለአማች የሚሰጥ ክብር ነው የሚሰጡኝ፤ ልጅቷም አፍራ ነው የተደበቀችው አልኩ። ሰው ራሱን ሊያታልል ሲፈልግ ማስረጃ አይቸግረውም። በጀርባዬ ሦስት ሊትር ውሃ ይዤ፣ ደጃቸው ላይ ቆሜ፣ ሳልጠማ ተመለስኩ።

ከፋሲካ በኋላ የንስሐ አባቴንና አንድ የቀድሞ መምህሬን ላክሁ። ጠዋት በሚኒባስ ወጡ፣ ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። ቤቴ ገብተው ሳይቀመጡ ገና ከፊታቸው አወቅኩት።

«ልጅቷ ተሰጥታለች» አሉኝ የንስሐ አባቴ። የተሰጠችው ደብረ ወርቅ ድጓ ሲማር ለቆየ ዲያቆን ነው። ቅስና ከመቀበሉ በፊት ማግባት ስላለበት ሽማግሌዎቹ ከጥቅምት ጀምሮ ሁለት ጊዜ ተመላልሰዋል። ሁለቱንም ጊዜ «ቆዩ በያቸው» እያለች በእናቷ በኩል ያስመለሰቻቸው ልጅቷ ነበረች። በሦስተኛው፣ በጾሙ መጨረሻ ሲመጡ ግን ዝም አለች። ዝምታዋ እሺታ ተባለ፣ ቃል ተሰጠ።

«እናትየው ምን አሉ?» አልኩ።

«‹ስለቱ ያለቀ ዕለት ውሃ አልጠይቅም ብሎን ነበር፤ አልጠየቀም። እኛም ሰውየው ከስለቱ ተፈታ፣ ከእንግዲህ እዚህ ምን ጉዳይ አለው ብለን ነው እንጂ፣ እሱንማ ልጄም እኔም ስንጠብቀው ከረምን› ነው ያሉን።» የንስሐ አባቴ መስቀላቸውን እጃቸው ላይ አገላብጠው በትዝብት አዩኝ። «ለመሆኑ እኔ ሳላውቅ ምን ተስለህ ነበር?»

የታኅሣሡ ቆሎ፣ የበሩ መቃን፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ የሳቀችው ሳቅ፣ ሁሉም ያኔ ነው ተመልሶ የመጣብኝ። እናትየው ቃሌን እንዳለ አመኑት፤ ልጅቷ ደግሞ ከቃሉ በስተጀርባ ያለውን አመነችው። ሁለቱም ያችን ቅዳሜ ሰሙኝ፤ «ከእንግዲህ አልፈልግሽም» ያልኳት ያህል ሰሙኝ። በሽማግሌ ፊት አለቀስኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወጣሁ። ለምን እንደሆነ አላውቅም፤ የተሰጠ ቃል እንደማይታጠፍ አውቃለሁ። እግሬ ከልማዱ ወሰደኝ፣ ቦርሳውም ከልማዱ ሞልቶ ጀርባዬ ላይ ነው። ደጃፉን ስትጠርግ አገኘኋት።

«ውሃ አጠጪኝ» አልኳት።

መጥረጊያውን ይዛ ቀና አለች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምጿ ግን ቁጣ የለበትም። «ቦርሳዎ ሙሉ ነው እኮ፣ መምህር» አለችና ገባች።

ለጀርባሽ ብዬ ነው፣ ያን ገመድ አይቼ ነው፣ ልል ነበር። አላልኩም። በሰው እጮኛ ደጅ ቆሞ እንዲህ ያለ ነገር መናገር ነውር ነው፤ ነውርን ደግሞ ያለ ጊዜው አውቅበታለሁ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ያን መንገድ ተውኩት። ወደ አምበር ነዳሁ፣ ወደ ዓባይ በረሃ አፋፍ ነዳሁ፤ ጎማ ቀየርኩ፣ ማርሽ ቀየርኩ፣ ብስክሌቱንም ራሱን ቀየርኩ። ቦርሳው ብቻ እሱው ነው። ትዳር ሳይዝልኝ የቀረው በእሷ ምክንያት ነው ብዬ አላሳብብም፤ ሰው የገዛ ሕይወቱን በሌላ ሰው ላይ መጫን የለበትም። ግን ቅዳሜ ሲነጋ፣ ገና ከአልጋዬ ሳልወርድ፣ ግራ መዳፍ ላይ ጠብ የምትል ውሃ ትታየኛለች። ትናፍቀኛለች። ይኸው ነው፤ ሌላ ቃል የለውም።

አምና፣ በጥር፣ መሪው በራሱ ወደዚያ ዞረ። ባሕር ዛፎቹ ተቆርጠው እንደገና አቆጥቁጠዋል። ከመታጠፊያው በታች ቆምኩና ቦርሳውን አወረድኩ፣ ክዳኑን ከፍቼ ገለበጥኩት። ሦስት ሊትር ውሃ ተደፍቶ እስኪያልቅ ይህን ያህል ይቆያል ብዬ አስቤ አላውቅም። አፈሩ ዝም ብሎ ጠጣው። ከዚያ ደጃፉ ላይ ደርሼ «ቤቶች! ውሃ ባገኝ!» አልኩ።

እናትየው በዱላ እየተደገፉ ወጡ። ዓይናቸው ደክሟል፤ የለዩኝ በድምፄ ነው። ልጃቸው ደብረ ወርቅ ከቄስ ባሏ ጋር መሆኗን፣ ሦስት መውለዷን ነገሩኝ። አሁን ቧንቧው ከግቢያቸው ማዶ ነው፤ ወንዝ መውረድ ቀርቷል። ራሳቸው ጓዳ ገብተው ውሃ በጣሳ አመጡ፣ የተሸበሸበ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ፣ ሰጡኝ። ስጠጣ ቆመው ጠበቁኝ።

«ስለቱ አልቆ አልነበር?» አሉ።

«አላለቀም ነበር እናቴ። ተሳስቼ ነው።»

ወደ በሩ ዞር አሉ። «እሷም እንዲያው ነበር እምትለኝ» አሉ። «ያን ጾም ሙሉውን፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ጣሳውን አጥባ፣ ውሃ ሞልታ በሩ ጀርባ ትቆም ነበር። ‹አላለቀም እማ፣ ዛሬ ይጠይቃል፣ ሲጠይቅ እወጣለሁ› ትለኝ ነበር። አልጠየቅክም።»

ጣሳውን በሁለት እጄ መለስኩላቸው። በሩ ያው የድሮው በር ነው፤ ከቆምኩበት ሦስት እርምጃ አይሞላም።

ሻጩ ማስረዳቱን ጨርሶ እየጠበቀኝ ነበር። «ትንሹን» አልኩት።

«ምርጫዎ ነው» አለ ትልቁን እያጠፈ፣ «ግን ረጅም ዳገት የሚወጡ ከሆነ ይቺ መንገድ ላይ ታልቅብዎታለች።»

«እንድታልቅብኝ ነው» አልኩት።